ዕረፍትም በመዝገብ ይግባ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ በፈረስ ቤት፣ የጠዋት ሩጫ ቡድኑን በመወከል የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን እናቶችና እኅቶች፣
ከቅርብም ከሩቅም የምትደግፉን ወዳጆቻችን፣

ሌሎቹ ክፍሎች ስለ ቁጠባና ስለ ብድር ሪፖርታቸውን አቅርበዋል። እኛ የምናቀርበው ስለ ሩጫ ነው። ሩጫ ከቁጠባ ማኅበር ጋር ምን አገናኘው የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። በመካከላችን በሙያዋ ሒሳብ የምትሠራ ስላለች የቡድኑ መዝገብ በእጃችን ነው፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ሒሳብ፣ ገቢውንም ወጪውንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

አምና ሊጎበኙን ከመጡት ወዳጆቻችን አንዷ ማለዳ ስንሮጥ አይታን፣ «እናንተ እኮ የትራያትሎን ክለብ መሆን ትችላላችሁ» አለችን። ቃሉን ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ውድድር ተከታትለው የሚደረጉበት ስፖርት ነው። ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ሲሆን፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ከዚያ የባሰም አለ። «የብረት ሰው» የሚሉት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1978 በሃዋይ ተጀመረ፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ይዋኛሉ፣ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይሄዳሉ፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን ይሮጣሉ። በመጀመሪያው ቀን 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨረሱ። ዛሬ ይህን የሚሞክሩት የታወቁ አትሌቶች ብቻ አይደሉም። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ በክለብ ተሰባስበው ይለማመዳሉ።

ይህን ስንሰማ ከመካከላችን አንዷ፣ «ታዲያ እኛስ ምን ጎደለን? ውሃው አለ፤ ልዩነቱ እነሱ ውስጡ ይገባሉ፣ እኛ በጀርባችን እናዝለዋለን» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የእኛ ሦስት ስፖርት» የሚል ቀልድ ያዝን፤ ጀሪካን፣ የገበያ ሸክምና ሩጫ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ በኩራት እንናገረው ነበር። ዛሬ እዚህ የቆምነው ያንን ቀልድ ለማረም ነው።

አነሳሳችንን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከቁጠባ ስብሰባ በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን ስናወራ፣ አንዷ ደም ግፊት እንዳለባት ተነግሯት እንድትንቀሳቀስ ተመክራለች፤ ሌላዋ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጣ ወገቧን ታምማለች፤ ሦስተኛዋ በትምህርት ቤት ሳለች ሯጭ ነበረች። ስምንት ሆነን ጀመርን፤ አሁን አሥራ አራት ነን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንገናኛለን። መጀመሪያ ላይ ከቱታ በላይ ቀሚስ፣ ከቀሚስ በላይ ነጠላ ደርበን ነበር የምንሮጠው። ውሻ አባሮናል። «ባል የሌላቸው ናቸው» ተብለናል። ባል ያላቸውም አብረው ተብለዋል። የሩጫ ጫማ የነበራት አንዲት ብቻ ስለነበረች በሳምንት 20 ብር እያዋጣን የጫማ ዕቁብ ጣልን። ዕጣ የወጣላት ጫማ ትገዛለች፤ ያልደረሳት በሸራ ጫማዋ ትጠብቃለች።

መዝገብም ከፈትን። ስም፣ ቀን፣ የተሮጠው ርቀት፣ የወሰደው ጊዜ። ርቀቱን መጀመሪያ የምንለካው የመብራት ምሰሶ በመቁጠር ነበር፤ በኋላ ስልክ መጣልን። በመዝገቡ በጣም እንኮራ ነበር። በወሩ መጨረሻ ደምረን ማን እንደቀረች፣ ማን እንዳልቀረች እናነብ ነበር።

ከሁሉም ያልቀረች አንዲት እኅት ነበረችን። ዛሬም አለች፣ እዚሁ ተቀምጣለች፤ ታሪኩን የምንናገረው በፈቃዷ ነው። በመዝገባችን ውስጥ በስሟ አንጻር አንድም ባዶ መስመር አልነበረም። «ብርቱ» እንላት ነበር።

በዐቢይ ጾም ወቅት አንድ ፈተና ለራሳችን አወጣን። ከከተማው ወጥቶ ዳገቱን ሦስት ጊዜ መውጣትና መውረድ። ለምን በጾም? ከፋሲካ በኋላ ሥራ ይበዛል ብለን ነው። ብርቱዋ እኅታችን ያን ጊዜ የስምንት ወር ሕፃን ታጠባለች። በሁለተኛው ዙር ፊቷ አመድ መሰለ። እኛ ምን አደረግን? «አይዞሽ! በርቺ! አንቺ እኮ ነሽ!» እያልን ጮኽን። እርሷም አላሳፈረችንም፤ ሦስተኛውን ጀመረች። ግማሹ ላይ ወደቀች።

ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ደሟ አንሷል፣ ሰውነቷ ውስጥ ምግብም ውሃም የለም አሉን። ጉሉኮስ ተደረገላትና ነቃች። ሕፃኑን ይዘው የመጡት አማቷ ነበሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለን ነበር። ቀስ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ይች ልጅ ሌሊቱን ቦኖ ተራ ስትጠብቅ አድራ ነው የመጣችላችሁ። ከውሃው ተራ ሳታወጧት ዳገት አወጣችኋት?» አሉን።

አላወቅንም ነበር። አሥራ ሦስት ሴቶች በየማለዳው አብረናት ስንሮጥ፣ ከሩጫው በፊት ምን ሠርታ እንደመጣች አንዲታችንም አልጠየቅናትም። እርሷም አልተናገረችም፤ ውሃ መቅዳት የሚነገር ነገር ነው እንዴ? ሁላችንም እንቀዳለን።

ያን ቀን ማታ መዝገቡን አውጥተን አየነው። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነበር፤ ስሕተት የለውም። ነገር ግን ግማሽ ሒሳብ ነበር። የሄደውን ጽፈናል፣ የገባውን አልጻፍንም። በማንኛውም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሒሳብ ብናቀርብ ይመለስብናል። ለአንድ ተሽከርካሪ እንኳ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እንይዝለታለን፤ ብረት ስለሆነ አያልቅም አንልም። ለሴት ጉልበት ግን ቅናሽ ይዘን አናውቅም። በርትታለች ብለን ብቻ እንጽፋለን።

ስለዚህ የእኛ ቀልድ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ጀሪካን ስፖርት አይደለም። የሰው ሰውነት የሚጠነክረው በሩጫው ሰዓት አይደለም፤ ሩጫው ያደክመዋል። የሚጠነክረው ከዚያ በኋላ ሲበላ፣ ሲጠጣና ሲያርፍ ነው። ልምምድ የሚባለው ድካምና ዕረፍት ተመዝነው ሲሄዱ ነው። ዕረፍት የሌለው ድካም ልምምድ ሳይሆን ማለቅ ነው። የሩቅ አገሮቹ ክለቦችም ይህን ያውቃሉ። የሳምንት ዕቅዳቸው ውስጥ የዕረፍት ቀን ተጽፎ ይገባል፤ በውድድሩ መንገድ ላይ ምግብና ውሃ የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ።

ያም ሆኖ እነርሱም ተሳስተው ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ጁሊ ሞስ የምትባል የ23 ዓመት ተማሪ በሃዋዩ ውድድር ሴቶቹን እየመራች ወደ ማብቂያው ስትቃረብ ጉልበቷ ከዳት። ወደቀች፣ ተነሣች፣ እንደገና ወደቀች። ሌላዋ ተወዳዳሪ ካትሊን ማካርትኒ አልፋት አሸነፈች። ጁሊ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች በ29 ሰከንድ ልዩነት ሁለተኛ ሆና መስመሩን አለፈች። በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ አለቀሰ፤ ስፖርቱም የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው ይባላል። የልጅቱን ቆራጥነት እኛም እናደንቃለን። ግን የእኛን እኅት ወድቃ ካየናት ወዲህ፣ እንዲህ ያለውን ታሪክ ስንሰማ ከጭብጨባው በፊት «ምን በልታ ነበር?» ብለን መጠየቅ ጀምረናል።

ከአገራችንም ምሳሌ አለን። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች በኦሊምፒክ የመጀመሪያዋ ሆነች። ከዚያ በኋላ ተጎድታለች፣ ወልዳለች፣ ከሩጫ ርቃለች። አበቃላት ሲባል በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ሁለተኛ ወርቋን አገኘች። በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት የኒውዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ የ37 ዓመት እናት ነበረች። ባዶ መስመሮቿ ከሩጫ አላስወጧትም። በእኛ መዝገብ ቢሆን ኖሮ ግን «የቀረች» ብለን እናነባት ነበር።

ከዚህም አቅራቢያ የምንማረው አለ። ከቡሬ አልፎ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 በጊዮርጊስ ቀን ፈረሶቻቸውን ሸልመው ወጥተው ይጋልባሉ። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ፈረሱን ሳያበላና ሳያሳርፍ ለግልቢያ አያወጣም። ቢያወጣው ያፍርበታል። ከተማችን እንኳ በስሟ ፈረስ አለባት። ለፈረስ የምናውቀውን ለራሳችን ለማወቅ አንዲት እኅት መውደቅ አልነበረባትም።

ከዚያ ወዲህ ምን ለወጥን?

አንደኛ፣ መዝገቡን ቀየርን። አሁን ከርቀቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጻፋል፤ ትናንት ምን በላሽ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ ምን ተሸከምሽ። መልሱ መጥፎ ከሆነ ያች እኅት ትቀመጣለች፣ ወይም በእግሯ ቀስ ብላ ትሄዳለች። «ዐረፈች» ተብሎም ይጻፍላታል፤ «ቀረች» አይባልም።

ሁለተኛ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንሮጣለን። በጾም ወራት ፈተና አናወጣም፤ የምንንቀሳቀሰውም ካፈጠርን በኋላ በእርምጃ ነው። የምታጠባና ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ መጀመሪያ የጤና ባለሙያ ታማክራለች።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደንና ከሁሉም የጠቀመን ነው። ወንፈል ጀመርን፤ የውሃ ወንፈል። አባቶቻችን ለእርሻና ለአጨዳ ወንፈል ይገባባሉ፤ እኛ ለቦኖ ተገባባን። የምትሮጥ ሴት በዚያ ሌሊት ተራ አትጠብቅም፤ ሌላዋ ትቀዳላታለች። በሚቀጥለው ቀን እርሷ ትመልሳለች። ወንፈሉ በመዝገብ ይያዛል፤ ዕዳ ያለባት ትጠየቃለች።

አሁን ደግሞ ያላስማማንን ነገር እንንገራችሁ። አዲስ አበባ ላይ «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በየዓመቱ ይደረጋል። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች፣ ሯጩም ቤት እመቤቷም፣ አብረው የሚወጡበት ነው። እዚያ መሄድ የሁላችንም ምኞት ነበር። በሁለት ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ ግን የትራንስፖርቱንና የማደሪያውን ወጪ ብናሰላው የሚበቃው ለሁለት ሰው ነበር።

ግማሾቻችን ፈጣኖቹን ሁለቱን እንላክ አልን። ምክንያቱም እውነት ነበረው፤ ስማችን ይጠራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ለሚረዱን ወዳጆቻችን የምናሳየው ነገር ይኖረናል። ግማሾቻችን ደግሞ ገንዘቡ የሁሉም ነው፣ ለሁሉም ይዋል አልን። ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ በድምፅ ተወሰነ፤ በገንዘቡ ብዙ ጀሪካን የሚጭን የእጅ ጋሪ ገዛን። ጋሪው ከቦኖ ወደየቤቱ በተራ ይሄዳል። በአንድ ሴት ጀርባ ብዙ ምልልስ የነበረው አሁን አንድ ምልልስ ሆኗል።

ይህ ውሳኔ ዋጋ አልነበረውም ብለን አንዋሽም። ከሁለቱ ፈጣኖች አንዷ አዝና ከወር በላይ ቀረችብን። የልጅነት ሕልሟ ነበርና እውነት አላት። ተመልሳ ስትመጣ፣ «ጋሪውን ስገፋ እናደዳለሁ፤ ግን እገፋዋለሁ» ነው ያለችን። ለእርሷ የምንመልሰው ዕዳ እንዳለብን በመዝገባችን ጽፈናል። እንረሳዋለን ብላ እንዳትሰጋ ዛሬ በእናንተ ፊት እንናገረዋለን።

አዲስ አበባ ካልሄድን ብለን የራሳችንን ቀን አዘጋጀን። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ጾም ባልሆነበት ቀን፣ 10 ኪሎ ሜትር በዚሁ በከተማችን ዙሪያ። መንገድ ላይ ሁለት ቦታ ውሃና በሶ አስቀመጥን። የደጋ ገብስ ያለው ሰው ሌላ የብርታት ምግብ ምን ያደርጋል? ከአሥራ አራታችን አንዷ ያን ሰሞን ታማ ስለነበረ በሶ በማደል አገዘችን፤ አሥራ ሦስታችን ሮጥን።

በሃዋዩ ዓይነት ውድድር ላይ ለመጨረስ የሚፈቀደው ጊዜ በአብዛኛው 17 ሰዓት ነው። ማለዳ የተጀመረው ሌሊት ያበቃል። ከአሸናፊው ይልቅ ብዙ ሰው የሚያጨበጭበው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ለሚገቡት ነው ይላሉ። ማዶና ቡደር የተባሉ አሜሪካዊት መነኩሲት ሩጫ የጀመሩት በ48 ዓመታቸው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ላይ ይህንኑ የብረት ሰው ውድድር የጨረሱት በ82 ዓመታቸው ነው። ሰውነታቸውን አውቀው ባይዙት ኖሮ እስከዚያ ባልደረሱ ነበር።

የእኛም የመጨረሻ ያችው እኅታችን ነበረች። ዳገቱ ላይ ስትደርስ መሮጥ አቆመች። ማንም «በርቺ» ብሎ አልጮኸባትም። ተቀምጣ ውሃ ጠጣች፣ በሶ በላች፣ ተነሥታ በእግሯ ሄደች፣ ሜዳው ሲመጣ እንደገና ሮጠች። ሁላችንም ገብተን ልብሳችንን ደርበን ቆመን ጠበቅናት። ከመስመሩ ማዶ አማቷ ሕፃኑን አዝለው ቆመው ነበር። ስትደርስ እልልታውን የጀመሩት እርሳቸው ናቸው። ከዚያም ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «ዛሬስ ሌሊቱን ተኝታ ነው የመጣች፤ አይቻታለሁ» አሉን። ከዚህ የሚበልጥ ኦዲት አያስፈልገንም።

ውድ እኅቶቻችን፣

ጽናት አንሶን አያውቅም። የዚህ አገር ሴት ስትቀዳ፣ ስትፈጭ፣ ስትሸከም፣ ስታዝል የኖረች ናት። ስለዚህ «ጠንካራ ናችሁ» ሲሉን አመስግነን እንቀበላለን፤ ግን ያች ቃል ብቻዋን ስትሆን እንድንጠነቀቃት ተምረናል። ብርቱ ናት የተባለች ሴት አይጠየቅላትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከአጠገባችሁ የተቀመጠችውን፣ መዋጮዋን አንድም ቀን ያላሳለፈችውን፣ ከሁሉ ቀድማ የምትመጣውን እኅት፣ ትናንት ምን በልታ እንደመጣች ጠይቋት። ይህን ለማድረግ መሮጥ አያስፈልግም።

የምትደግፉን ወዳጆቻችን፣

በዚህ ዓመት ሪፖርታችን ውስጥ የአዲስ አበባ ፎቶግራፍ የለም፤ ሜዳሊያም የለም። ያለው የአንድ የእጅ ጋሪ ደረሰኝ፣ የውሃ ወንፈል መዝገብና «ዐረፈች» የሚል ቃል የበዛበት የሩጫ መዝገብ ነው። ሁሉም ለቁጥጥር ክፍት ነው፤ መጥታችሁ እዩት። ደግማችሁ ልትረዱን ብታስቡ፣ ስማችሁ የተጻፈበት ካናቴራ አትላኩልን። ሁለተኛ ጋሪ ብትጨምሩልን፣ ወይም ቦኖው ወደ ላይኛው ሰፈር እንዲቀርብ ብታግዙን፣ ለሌሎች አሥር ሴቶች የማለዳ ሰዓት ትሰጣላችሁ። በዚያ ሰዓት መሮጥ የምትፈልግ ትሮጣለች። መተኛት የምትፈልግም ትተኛለች፤ እርሱም በመዝገብ ይገባል።